«ዝጋው» ሲባል ምን ይደረግ? ስለ ኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሙያ ቃላት የቀረበ ሂስ

ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መጻሕፍት መነሻ ይሆናል ተብሎ በ2008 ዓ.ም. የተዘጋጀ አንድ የኤሌክትሪክ ሙያ ቃላት ረቂቅ በእጃችን ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምናቀርብበት ይኸው ረቂቅ ነው። ሂሱ ከውጭ የተሰነዘረ እንዳይመስል ግን አስቀድመን አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባናል፤ ይኸውም ከረቂቁ አዘጋጆች መካከል እኛም ነበርንበት። ከዚህ በታች ስሕተት ነው የምንለው ስያሜ ሁሉ የእኛም ድምፅ የተሰጠበት ነው።

ረቂቁ የተሠራው በዚህ ዓይነት ሥራ በተለመደው መንገድ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በፊደል ተራው ይነበባል፤ ከግዕዝ ወይም ከአማርኛ ሥር ይፈለግለታል፤ የተስማማንበት ይመዘገባል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። በቃል አመሠራረት ረገድ ሲታይ ውጤቱ የሚያሳፍር አይደለም። ለምሳሌ «ሰርኪዩት» ለሚለው «ዑደት» መመረጡ የሚመሰገን ነው። የላቲኑ ቃል ዞሮ መመለስን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ «ዖደ» የሚለው የግዕዝ ግሥም ዞረ ማለት ነውና ሁለቱ በትርጉም ይገጥማሉ። ችግሩ የጀመረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዑደት ከተባለ ዘንድ «ኦፕን ሰርኪዩት» ክፍት ዑደት፣ «ክሎዝድ ሰርኪዩት» ዝግ ዑደት ይባል አልን። ከዚያም ወረድ ብለን በኮንታክተርና በሬሌ ላይ ያሉትን «ኖርማሊ ኦፕን» እና «ኖርማሊ ክሎዝድ» የሚባሉትን «በተለምዶ ክፍት» እና «በተለምዶ ዝግ» ብለን ሰየምን። ማንም አልተቃወመም፤ ሻይ ተጠጥቶ ወደ ሌላ ቃል ታለፈ።

በ2009 ዓ.ም. ረቂቁን ይዘን ወደ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሄድን። ዓላማችን ሠራተኞቹ ቃላቱን ምን ያህል እንደሚቀበሏቸው መጠየቅ ነበር፤ ጥያቄያችን ግን ገና ሳይነሣ መልስ አገኘ።

በሽመናው ክፍል አንድ ሞተር ቆሞ ነበር። ብሬከሩ በጭነት ብዛት ወርዷል። ሠራተኞቹ «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋው ኤሌክትሪሻን ሞተሩን ለመፈተሽ የገመዶቹን መገናኛ ክዳን ፈተው ተንበርክከዋል። ከኮሌጅ ከወጣ ብዙ ያልቆየው መሐንዲስ ብሬከሩ ቀድሞ መውረዱን አላወቀም። ስለዚህም ለጥንቃቄ ብሎ፣ ከማከፋፈያው ሣጥን አጠገብ ለቆመው ለማጅ፣ «የቁጥር ሦስትን ክፈተው፤ ጋሼ ሊነኩት ነው» ሲል በዚያ የማሽን ጩኸት መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ አዘዘ። ለማጁ ሣጥኑን ሲያይ የቁጥር ሦስት ብሬከር ወደ ታች ወርዶ አገኘው፤ «ክፈተው» ተብሏልና ወደ ላይ አነሣው። በዚያች ቅጽበት 380 ቮልት ወደ ሞተሩ መጣ።

አዛውንቱ የዳኑት በልማዳቸው ነው። ገመድ ከመንካታቸው በፊት ቴስተራቸውን በየፌዙ ላይ የማሳረፍ ልማድ ነበራቸው፤ የቴስተሩ መብራት በራ። ቀና ብለው ወደ ሣጥኑ ተመለከቱና «አንተ ልጅ፣ ማን አብራ አለህ?» አሉ። «ክፈት ተባልኩ እኮ ጋሼ» አለ ለማጁ። መሐንዲሱም በድንጋጤ «ክፈት ማለት እኮ አጥፋ ማለት ነው!» ሲል ሦስቱም ተያዩ። ሦስቱም በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ናቸው።

በዚያን ቀን በቦርሳችን የያዝነው ረቂቅ የሚደግፈው መሐንዲሱን ነበር።

ነገሩ ከአንድ ሰው ችኮላ የመጣ አለመሆኑን ለማስረዳት ወደ ቃላቱ ባሕርይ መመለስ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ከፈተ» እና «ዘጋ» መጀመሪያ የደጅ ቃላት ናቸው። ደጅ ሲከፈት ሰው ያልፋል፤ ሲዘጋ ይከለከላል። ገበሬው የመስኖውን ቦይ ሲከፍት ውሃው ወደ ማሳው ይወርዳል። ቧንቧ በመጣ ጊዜ ቃላቱ ያለ አንዳች ችግር ወደ ቧንቧ ተሻገሩ፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን በመጡ ጊዜም እንዲሁ። «ራዲዮኑን ክፈተው» የሚል ሰው ድምፅ ይምጣ ማለቱ ነው፤ «ዝጋው» ያለም ይብቃ ማለቱ ነው። በሁሉም ዘንድ መክፈት ማሳለፍ፣ መዝጋት መከልከል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ኤሌክትሪክን የሚያስበው በዚሁ በቦዩ ምሳሌ ነው፤ ይህንንም ማንም አላስተማረውም።

የእንግሊዝኛው «ኦፕን» እና «ክሎዝድ» ግን በኤሌክትሪክ ረገድ ከደጅ ሳይሆን ከቀለበት የተነሡ ናቸው። ቀለበቱ ሲገጥም ኤሌክትሪኩ ይዞራል፤ ቀለበቱ ሲሰበር ይቆማል። ስለዚህ በዚያ አነጋገር ዝግ ማለት የሚያሳልፍ፣ ክፍት ማለት የማያሳልፍ ነው። እኛ የተረጎምነው ቃሉን እንጂ ምሳሌውን አልነበረም፤ በዚህም የቀለበቱን ቃል በቦዩ ላይ አስቀመጥነው። ውጤቱ በአማርኛ ጆሮ ፍጹም ተቃራኒውን የሚሰጥ ትእዛዝ ሆነ። አንድ ስያሜ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ጠባብ ወይም ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁሉ በጊዜ የሚታረም ነው። ማጥፋትን ማብራት አድርጎ የሚያሰማ ስያሜ ግን ከእነዚህ ጉድለቶች በአንዱም የሚመደብ አይደለም።

በፋብሪካ ውስጥ ነገሩን የሚያባብስ ሌላ ምክንያት አለ። የጥገና ሠራተኛው የሚይዘው ኤሌክትሪክን ብቻ አይደለም፤ እንፋሎትም፣ ውሃም፣ የታመቀ አየርም በእጁ ያልፋል። በአንድ ማሽን ላይ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭና እርሱን የሚያዝ የሬሌ ንክኪ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በእንግሊዝኛው አጠራር «ኖርማሊ ክሎዝድ» የተባለው ቫልቭ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ምንም አያሳልፍም፤ «ኖርማሊ ክሎዝድ» የተባለው ንክኪ ደግሞ ሳይነካ ሲቀር የሚያሳልፍ ነው። እንግሊዛዊው ተማሪም ይህን ግጭት በልምምድ ይወጣዋል እንጂ ቋንቋው አይረዳውም። እኛ ያንኑ ግጭት ወስደን በላዩ ላይ የራሳችንን ጨመርንበት።

«በተለምዶ» የሚለውም ቃል ያለ ቦታው የገባ ነው። በአማርኛ በተለምዶ ማለት በልማድ፣ እንደ ወትሮው ማለት ነው። በኮንታክተሩ ላይ የተፈለገው ግን ልማድ አይደለም፤ ጥቅልሉ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ፣ ቁልፉም በእጅ ሳይጫን ያለውን ሁኔታ ማመልከት ነው። አንድ ንክኪ ቀኑን ሙሉ ተጭኖ ቢውል እንኳ ስሙ አይለወጥም። ለዚህ «ሳይነካ» የሚለው ተራ ቃል ይበቃ ነበር፤ ተራ ስለ ሆነም ይመስላል ማንም ያላሰበው።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን እንዴት እንደ ተወጡት መመልከት ጠቃሚ ነው። ጀርመኖች ንክኪውን በሚያድርበት ሁኔታ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ይጠሩታል፤ አንዱ «ሽሊሰር» ማለትም ገጣሚ፣ ሌላው «ኤፍነር» ማለትም ከፋች ይባላል። ቻይናውያን እንደ እኛው በተራ ንግግራቸው መብራትን «ክፈት» ሲሉ አብራ ማለታቸው ነው፤ በብሬከር ላይ ግን መሐንዲሶቻቸው ይህን ቃል ትተው ማገናኘትንና መለየትን በሚያመለክቱ ሌሎች ግሦች ያዛሉ። በዚህም ለአደጋ የሚዳርገው ጥንድ ከማዘዣው ወጥቷል። በግብፅ ዐረብኛም መብራትን «ክፈት» ማለት አብራ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ የዐረብኛው የሙያ መጻሕፍት ቋንቋ «ክፍት ዑደት» የሚለውን እንደ እኛው ረቂቅ ተቀብሎታል። ስለዚህ ጉዳዩ የአማርኛ ድህነት አይደለም፤ ሁለቱ ምሳሌዎች በተገናኙበት ሁሉ የሚነሣና አንዳንዶች አስበው የፈቱት ጉዳይ ነው።

ባልደረቦቻችን አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊያነሡ ይችላሉ። የሙያ ቃል ከተራው ፍቺ መለየቱ የተለመደ ነው፤ ሠልጣኙ ብያኔውን ሲማር ግርታው ይጠፋል ይሉ ይሆናል። ይህ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ እውነት ነው፤ እዚያ ቃል የሚነበበው በጸጥታ፣ ብያኔው በጎኑ ተጽፎ ነው። በሽመና ክፍል ግን ቃል የሚደርሰው በጩኸት ውስጥ፣ በግማሽ ተሰምቶ፣ ብዙ ጊዜም ያልሠለጠነ ሰው ጆሮ ነው። በዚያ ሁኔታ ቀድሞ የሚመጣው ሰው ከእናቱ የሰማው ፍቺ ነው። መሐንዲሱ ራሱ በዚያው ምሽት ከቤቱ ገብቶ «ቴሌቪዥኑን ክፈቱት» እንደሚል አንጠራጠርም።

እንግዲህ ምን ይባል? ከአደጋው በኋላ አንጋፋውን ኤሌክትሪሻን ሁለቱን ንክኪዎች እንዴት እንደሚለዩአቸው ጠየቅናቸው። በመጀመሪያ በቁጥራቸው ነው አሉ፤ 13 እና 14 የተጻፈበት አንዱ፣ 21 እና 22 የተጻፈበት ሌላው ነው። ይህ በዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነ በመሆኑ ትክክል ነው። «በአማርኛስ ለለማጁ ሲያስረዱት?» ብለን አጥብቀን ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ «ዶክተር፣ እኛ ኤንኦና ኤንሲ ነው የምንለው። ለልጁ ግን ኤንኦ ሲነካ የሚሰጥ፣ ኤንሲ ሲነካ የሚነሣ ነው እለዋለሁ።»

በብዙ ስብሰባ ያላገኘነውን እኚህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጡን። «ሰጠ» እና «ነሣ» በአማርኛ ከጥንት ጀምሮ ጥንድ ናቸው፤ ንክኪውንም ልክ እንደ ጀርመንኛው በሥራው ይጠሩታል። የማቆሚያ ቁልፍ ለምን የሚነሣ ንክኪ እንዲኖረው እንደሚደረግም በዚህ አነጋገር ወዲያው ግልጽ ይሆናል፤ ቁልፉ ሲጫን ይነሣል፣ ገመዱ ቢበጠስም በዚያው መንገድ ይነሣል፣ በሁለቱም ማሽኑ ይቆማል። እኛ ይህን ለማስረዳት በረቂቁ መግለጫ ስድስት መስመር ጽፈን ነበር፤ አሁን ስናነበው ለእኛም ይከብዳል።

ይሁን እንጂ ደስታችን ሳያዘናጋን አንድ የድምፅ ጉዳይ መመልከት ነበረብን። ከግሦቹ የአድራጊ ስም ሲወጣ «ሰጪ» እና «ነሺ» ይሆናል። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ አናባቢያቸው አንድ ነው፤ መጨረሻቸውም ተቀራራቢ ነው። በጩኸት ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ «ሰጪ»ን እንዳለ ይዘን በ«ነሺ» ቦታ «ከልካይ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ሰጪ ንክኪና ከልካይ ንክኪ። «ገጣሚ» የሚለውን የጀርመንኛውን አቻ ለመውሰድም አስበን ነበር፤ ነገር ግን ባለቅኔዎቹ ቀድመውናል። «አቋራጭ»ም ቀርቦ ነበር፤ እርሱንም መንገደኛው ይዞታል።

ለብሬከር ማዘዣ ደግሞ «ክፈት» እና «ዝጋ» ከጽሑፍም ከቃልም እንዲወጡ፣ በቦታቸውም «አገናኝ» እና «ለይ» እንዲገቡ እናሳስባለን። ሁለቱ በርዝመትም በድምፅም አይቀራረቡም። ሠራተኞቹ ለማጥፋት አንዳንድ ጊዜ «ቁረጥ» ይላሉ፤ ሐሳቡ ግልጽ ቢሆንም ፒንሳ በያዘ ሰው ፊት «መስመሩን ቁረጥ» ማለት የማይመከር በመሆኑ አልተቀበልነውም። «አጥፋ»ስ ቢባል ለሚል፣ መብራት ማጥፋትና መስመርን መለየት አንድ አይደሉም እንላለን። አምፖሉ ጠፍቶ ገመዱ ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ሊያድር ይችላልና። «መብራት ጠፋ» በሚለው አነጋገራችን ውስጥ አምፖሉም፣ ኤሌክትሪኩም፣ አቅራቢው መሥሪያ ቤትም በአንድ ቃል ተጠቃልለዋል።

ይህ ወደ ሌላ ቃል ይወስደናል፤ እርሱም «ኮረንት» ነው። ረቂቁ ይህን ቃል «የተበላሸ የውጭ ቃል» ብሎ ሰርዞ በቦታው «ጅረት» አስገብቷል። በፊዚክስ መጻሕፍት ለሚለካው ፍሰት «ጅረት» መልካም ቃል ነው። የፋብሪካው ሰው «ኮረንት አለው» ሲል ግን ስለ ፍሰት እየተናገረ አይደለም፤ ቢነኩት ይመታል ማለቱ ነው። ልዩነቱ ከቀለም ልዩነት ያለፈ ነው። ሞተሩ የተፈታበት፣ ምንም ጭነት የሌለበት ገመድ ጅረት የለውም፤ ቮልቴጁ ግን ሙሉ ነው። በአውሮፓ ደንብ ከሥራ በፊት የሚፈጸሙ አምስት ተግባራት አሉ፤ በእኛ አማርኛ ለይ፣ ቆልፍ፣ ኮረንት አለመኖሩን ፈትሽ፣ ከምድር እሰር፣ በአጠገቡ ያለውን ሸፍን ብንላቸው ያስኬዳል። ከእነዚህ ሦስተኛውን በረቂቁ መሠረት «ጅረት አለመኖሩን ፈትሽ» ብለን ብንጽፈው ለሠራተኛው የምንሰጠው ደንብ በፊዚክስ ቋንቋ ትክክለኛ የሆነ፣ ነገር ግን ሰውን ወደ ሕያው ገመድ የሚመራ ደንብ ይሆናል። እኛ የተበላሸ ያልነው ቃል ለካ የራሱን ፍቺ ይዞ፣ ከእንግሊዝኛው ተለይቶ፣ በአማርኛ ውስጥ ጎጆ ወጥቶ ኖሯል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው «ኮንታክት» ነው። በእሳት አደጋ ዜና «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ምክንያት» ሲባል የምንሰማው ሁለት ገመዶች ያለ ቦታቸው ተገናኝተው እሳት ማስነሣታቸውን ነው። በኮንታክተር ውስጥ ያለው «ኮንታክት» ግን ጤነኛ የመሣሪያው ክፍል ነው። ለዚህኛው ረቂቁ «ንክኪ» ማለቱ በትክክል የሚደነቅ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ስንጠቀምበት ቆይተናል። ከ«ካቻቢቴ»፣ ከ«ፒንሳ»፣ ከ«ስፒና» እና ከ«ናስትሮ» ጋር ግን ረቂቁ የገጠመው ጠብ አልገባንም። እነዚህ ከጣልያንኛ መጥተው የቀሩ፣ ማንንም የማያሳስቱ ቃላት ናቸው፤ ካቻቢቴን አስወጥቶ ሦስት ቃል ያለው ስም መተካት የመሣሪያውን ሣጥን ከማክበድ በቀር አይጠቅምም።

ስለ «ንዝረት» አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። «ነዘረኝ» በአማርኛ ኤሌክትሪክ ሲይዝ የሚባል የራሳችን ግሥ ነው። በሌላ በኩል ሳይንሱ «ንዝረት»ን ለነገሮች ፈጣን መወዛወዝ ወስዶታል፤ ረቂቁም በማሽን ጥገና ክፍሉ ይህንኑ ተከትሏል። በፋብሪካው ሳለን «ሞተሩ ይነዝራል» የሚል ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፈን ለአንድ መካኒክና ለአንድ ኤሌክትሪሻን ለየብቻ አሳየናቸው። መካኒኩ «ኩሽኔታው አልቋል» አለ። ኤሌክትሪሻኑ «ግራውንዱ ተበጥሷል፤ ማንም እንዳይነካው» አለ። በአንድ የጥገና መዝገብ ላይ ይህ መስመር ተጽፎ ለሌሊቱ ተረኛ ቢተላለፍ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። መካኒኮቹ ለራሳቸው ጉዳይ «ይንቀጠቀጣል» ስለሚሉ፣ በፋብሪካ ጽሑፍ ውስጥ «ነዘረ» ለኤሌክትሪኩ ብቻ ቢተው የሚጎዳ ወገን የለም። የፊዚክስ መጽሐፉ በቃሉ እንዲጠቀም ማንም አይከለክለውም።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1906 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ቃላት ስብስብ በ1938 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። በዚያ ሥራ መዝገቡ የሚደራጀው በፊደል ተራ ሳይሆን በጽንሰ ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ ቁጥሩንና ብያኔውን ይይዛል፤ የየቋንቋው ስም ከብያኔው በኋላ ይመጣል። የእኛ ረቂቅ ብያኔውን ዘሎ ከስም ወደ ስም ሄደ። ብያኔውን አስቀድመን ጽፈን ቢሆን ኖሮ «ሲነካ የሚያሳልፍ» ከሚለው አጠገብ «ክፍት» ብለን ለመጻፍ እጃችን እምቢ ይለን ነበር።

ረቂቁን አሁን መልሰን ስናነብ በእርሳስ የሰረዝናቸው ቃላት ከጠበቅነው በላይ ናቸው። አንዱን ብቻ ጠቅሰን እንለፍ። ብሬከር በጭነት ብዛት ራሱን ሲለይ እንግሊዞች ተደናቀፈ እንደማለት ያለ ግሥ ይጠቀማሉ፤ ረቂቁም ቃል በቃል «ተደናቀፈ» ብሎ መዝግቦታል። ሠራተኞቹ ይህን ስናነብላቸው ከልብ ሳቁ። እነርሱ «ወረደ» ይላሉ፤ ሲያነሡት ደግሞ «መለስኩት» ይላሉ። በገጹ ኅዳግ ሁለቱንም ጽፈናቸዋል።